የኦቦ ደገፋ ግንድ

ባለፈው ሳምንት ሲግናል አካባቢ መንገዱን ለውሃ ቧንቧ ቆፍረውት፣ ለእግረኛ መሻገሪያ ብለው አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመውበት አገኘሁ። ቅርፊቱ የተላጠው ዛሬ መሆን አለበት፤ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሽታው ገና ከሩቁ አፍንጫዬን ያዘኝ። ማዶ የቆመው ሠራተኛ «ይሻገሩ እማማ፣ አይዞዎት፣ ይችላል» አለኝ። እንደሚችል እኔም አላጣሁትም። እግሬ ግን ወይ ፍንክች አለ። ልጁ አሮጊቷ ፈራች ብሎ ይሆናል፣ እጁን ሊዘረጋልኝ ጎንበስ አለ። እኔ ግን ያን ሰዓት ሲግናል አልነበርኩም፤ ኦቦ ደገፋ ደጃፍ ነበርኩ።

ያደግሁት እዚያው የካ ነው፣ ከእንጦጦ ሥር። ሁለት ጅረቶች ከተራራው ወርደው ከመገናኘታቸው በፊት በመሀላቸው ጠባብ መሬት ይተዉ ነበር። ከላይ በኩል ገደል ነው፣ ከግራና ከቀኝ ውሃ ነው፤ ክረምት ሲገባ በአንድ በኩል ብቻ ካልሆነ አይገባባትም። አሥራ አራት ቤት ነበረባት። የማዶ ሰው ሊያፌዝ ብሎ «ደሴት» አላት፤ ኋላ ነዋሪዎቹም ስሙን ወደዱትና «እኛ ደሴቶች» እያሉ ይኩራሩበት ጀመር። መጀመሪያ የሰፈሩባት የኦቦ ደገፋ አባት ናቸው፣ አገሩ ገና የገብስ ማሳ ሳለ። ከዚያ ባሕር ዛፉ መጣ፣ ባሕር ዛፉን ተከትሎ እንጨት ተሸካሚው፣ አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ራጉኤል የሚቀድሱ አንድ ቄስ። ግማሹ ቤት በኦሮምኛ ይጣላል፣ በአማርኛ ይታረቃል።

የደሴት መግቢያ አንድ ግንድ ብቻ ነበር። በደሴት በኩል ያለው ጫፉ ተበስቶ ጠፍር ገብቶበታል፤ ጠፍሩ ደግሞ ከአንድ የወይራ ጉቶ ጋር ይታሰራል። ኦቦ ደገፋ ጠፍሩን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደኋላ ሲያፈገፍጉ፣ የማዶው ጫፍ ከዳሩ ይለቅና ጅረቱ ውስጥ ይወድቃል። ድምፁ እስከ እኛ ቤት ይሰማል። ከዚያ ጎትተው ያወጡትና «ግንዱ ተስቧል» ይላሉ። ይህ ከተባለ አለቀ። የሚባረር ሰው ከተሻገረና ግንዱ ከተሳበ፣ አባራሪው የአገር ጀግና ቢሆን ማዶ ቆሞ ይቀራል። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሎች ከጅረቱ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ነገሩን ያዩታል። ነገሩ ሲበርድ ኦቦ ደገፋ ጠፍሩን ከግንዱ ሌላኛው ጫፍ ያስሩና ወደ ማዶ ይወረውራሉ፤ ተቀብሎ ግንዱን ወደ ራሱ ዳር የሚስበው ያው አባራሪው ነው። ሌላ ሰው ቢስበው ዕርቁ አይቆጠርም።

የሚገርመው ነገር፣ በጋ ላይ ጅረቱ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ዶሮ ትሻገረዋለች። ቢሆንም ግንዱ ከተሳበ ማንም አይሻገረውም ነበር። አንድም ቀን ተሻግሮ የሚያውቅ የለም።

ሥርዓቱን ያወጡት አባታቸው ናቸው። ኦቦ ደገፋ ልጅ ሳሉ አንድ ጎልማሳ የባላባት አሽከሮች እያሳደዱት በግንዱ ይሻገራል። አባትየው ፈሩና ሳይስቡ ቀሩ። አሳዳጆቹ ተከትለው ገቡና እዚያው በራፋቸው ላይ በጦር ወጉት፤ ሰውየው መቃኑን እንዳቀፈ ሞተ። «አባቴ ደሙን ሲያጥቡ ውሃ ያቀበልኩ እኔ ነኝ» ይሉን ነበር ኦቦ ደገፋ፣ እኛ ሕፃናቱ ጉቶው ዙሪያ ስንጫወት። ይህ ለልጅ የሚነገር ወሬ አይደለም፤ እሳቸው ግን ልጅና አዋቂ የሚለዩበት ወንፊት አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ለሮጠ ሁሉ ይሳባል። ጆሮው ተንጠልጥሎ ደም እያዘራ የመጣ ሌባ አይቻለሁ፤ ዋርሳውን በመቀስ የወጋ ልብስ ሰፊ አይቻለሁ፤ እመቤቷ የፈላ ውሃ የደፋችባት ገረድ አይቻለሁ። ምን አደረግህ ብለው አይጠይቁም። «ስለት ካለህ አምጣ» ብቻ ነው የሚሉት። የተቀበሉትን ጩቤ ሁሉ ከቤታቸው ክዳን ሥር ይሰኩታል፤ ጣራው ጃርት ይመስል ነበር።

እኛ የምንኖረው ማዶ ነው። አባቴ ከወታደርነት ተሰናብቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነበር። ከውትድርና የተረፈው አንድ ካኪ ኮትና የነሐስ ዘለበት ያለው ቀበቶ ነው፤ ዘለበቱን ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ ይወለውለዋል። አስተካክሎ ሲወለውለው አይቼ፣ የዚያን ሳምንት ማን እንደሚመታ አውቅ ነበር። እናቴ አስካለ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ፣ ወገቧ የብረት የሆነ ሴት ናት፤ ሸክም ያላጎበጣትን እሱ አጎበጣት። የታችኛው ከንፈሯ ሁለት ቦታ ተሰፍቷል። ጎረቤት በባልና ሚስት መሀል ምን ያገባናል ይላል። እኔም ብሆን አልጋ ሥር ገብቼ ጆሮዬን መያዝ ነው ሥራዬ።

እናቴ መጀመሪያ የተሻገረችው በአንድ ክረምት ነው፣ እኔን አዝላ። ጅረቱ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፣ ግንዱ ያሙለጨልጫል፣ ከኋላችን የቀበቶው ዘለበት ሲፋጭ ይሰማኛል። ኦቦ ደገፋ ግንዱን ሳቡት። አባቴ ማዶ ቆሞ ሲሳደብ አመሸ፤ በማግስቱ የሽማግሎችን ጉልበት ስሞ ታረቀና ግንዱን ራሱ ሳበው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አንድ ሰሞን ስኳር እየገዛ ገባ። ከዚያ ወደ ቀበቶው ተመለሰ። በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ ተሻገርን።

አራተኛው ጊዜ በጋ ነበር፣ ቀትር ላይ። ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ የሸክሟን ዋጋ ደብቀሻል ተብላ ነው መሰለኝ፤ ምክንያቱ ምን ይሁን ምን፣ የዚያን ቀን በእጁ የያዘው ቀበቶ አልነበረም፣ የራሷን መጥረቢያ ነበር። እጄን ይዛኝ ሮጠች። ተሻገርን። ግንዱ ወደቀ፣ ተጎተተ፣ አቧራው ጨሰ። ኦቦ ደገፋ ቀና ብለው «ግንዱ ተስቧል» አሉት።

ከዚያ ዞር አሉ። ጠፍሩን ከጉቶው ጋር ለማሰር ጀርባቸውን ሰጡት። ያ ነው ስህተታቸው፤ ያንን ስህተት ከደሴት ሰው በቀር የሚሠራ የለም። ዱላቸው በራፉ ላይ ተደግፏል፣ አላነሱትም። ሰው መጥረቢያ ይዞ ጥቂት እርምጃ ላይ ቆሞ እሳቸው ቋጠሮ ያጠብቃሉ፤ ምክንያቱም ግንዱ ተስቧል።

አባቴ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ወደ ደረቁ ጅረት ወረደ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራምዶ በደሴት በኩል ወጣ። ጫማው እንኳ በደንብ አልረጠበም። እናቴ ጮኸች፤ ኦቦ ደገፋ የዞሩት እሷ ለምን እንደጮኸች ግራ ገብቷቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ጉቶው ላይ ነበር። አባቴ መጥረቢያውን ገልብጦ በደንደሱ እጃቸው ላይ አሳረፈው። ደገመው። አጥንቱ ሲደቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሰበረ መሰለኝ።

«ሁለተኛ እንዳትስብ» አላቸው፣ አንተ ብሎ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው።

እናቴን በጸጉሯ ይዞ ወደ ጅረቱ መጎተት ጀመረ። እኔ እግሯን ይዣለሁ፤ በርግጫ አፌን ሲመታኝ ጥርሴን ዋጥኩት። ያን ጊዜ የኦቦ ደገፋ የበኩር ልጅ ቶላ ከቤት ወጣ፤ ከኋላው አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቄሱ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ይዘው። ደሴት ሙሉ ወጣ። አባቴን እንዴት እንደመቱት ሙሉውን አልናገርም። መጥረቢያው ከእጁ ወጣ፣ አንድ ዓይኑ ተደፈነ፣ ካኪ ኮቱ ቀይ ሆነ። በአራት እግሩ እየዳኸ ጅረቱ ውስጥ ገባ፣ ድንጋይ እየዘነበበት በማዶው ዳር ተንፏቆ ወጣ፣ እዚያ ወደቀ። ቶላ መጥረቢያውን አንስቶ ተከተለው። «በለው!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴን ነው። አፌ ደም እንደሞላ፣ ግደለው እያልኩ ጮኽኩ፤ ከልቤ ነበር፣ ዛሬም ሐሰት ነበር አልልም።

ኦቦ ደገፋ ጉቶው ሥር ተቀምጠው የተፈጨ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተውታል። ፊታቸው አመድ ነው።

«ቶላ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ግንዱ ተስቧል።»

የቶላ አንድ እግር ጅረቱ ውስጥ ገብቷል። ማዶ የወደቀውን ሰው አየ፣ የአባቱን እጅ አየ። ከዚያ እግሩን አወጣ። አሸዋው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያ ሁሉ ጎረምሳ ዱላውን እንደያዘ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። አባቴ እየተንፏቀቀ ሲሄድ ሁላችንም አየነው።

በማግስቱ ሽማግሎች ከወዲህ ብቻ ተቀመጡ። ማዶ ጠፍሩን የሚቀበል ሰው አልመጣም። አባቴ ሰፈሩን ለቆ ወደ አገሩ ሄደ ተባለ። ግንዱ ሳይዘረጋ ሳምንት ሙሉ ቆየ፤ የደሴት ሰው ጅረቱን ዘሎ መሄድ ሲችል፣ እህሉ እያለቀ፣ እንጨቱ ሳይሸጥ ቤቱ ተቀመጠ። በመጨረሻ ቄሱ መፍትሔ አገኙ። ከባሏ ወገን የቀረች ስለሆነች እናቴ በእሱ ፈንታ ማዶ ትቁም አሉ። ሽማግሎቹ እያዩ እሷ ብቻ ጅረቱን አቋርጣ ወጣች፤ ቶላ ጠፍሩን ወረወረላት፣ በዚያ በእንጨት ሸክም በጠነከረ ወገቧ ግንዱን ስባ ዘረጋችው። ከዚያ በላዩ ላይ ተራምዳ ተመለሰች፤ ዳግመኛም ማዶ አልኖርንም። ኦቦ ደገፋ ከጓሯቸው ቆርሰው ለጎጆ የሚሆን ቦታ ሰጡን።

እጃቸውን ወጌሻ አሰረው፤ ጠቆረ። ሐኪም ቤት ሦስት ጣት ቆረጠላቸው። ጠፍር መያዝ አልቻሉም፤ ከዚያ ወዲያ ግንዱን የምትስበው እናቴ ሆነች። እሳቸው ጉቶው ላይ ተቀምጠው ቃሉን ብቻ ይናገራሉ። አንድ ቀን ቅቤ ስቀባላቸው፣ የጣቶቻቸውን ጉራጅ እያየሁ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ቶላን ባይከለክሉት ኖሮ ምን ነበረበት? አባቴ ግንዱን አላከበረም፤ እኛ ለምን እናከብርለታለን?

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለአንዱ ተስቦ ለሌላው የማይሳብ ከሆነ፣ ያው ተራ ግንድ ነው።»

አልተዋጠልኝም። ስለ ጥርሴም ስለ እጃቸውም እየተናደድኩ አደግሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ በሰንበት፣ እናቴ ራጉኤል ወጥታ ጉቶው ላይ ተቀምጬ ጸጉሬን ስሠራ፣ ማዶ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ቆመ። ቀጭን ነው፣ አንድ ዓይኑ ነጭ ነው፣ በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዟል። ያወቅሁት በኮቱ ነው። ግንዱ በመካከላችን ተዘርግቷል፤ ገና ባለፈው ወር የተቀየረ ስለነበር ነጭ ነበር፣ ይሸታል። ግንዱን ላለመርገጥ እግሩን ሰብስቦ ቆመ።

«ውቤ» አለኝ። «እናትሽ ደኅና ናት?»

እጄ ሳላዘው ጠፍሩን ያዘ፤ ያ የአልጋ ሥር ፍርሃት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ልስበው ብልም አቅም አልነበረኝም።

«ልሻገር?» አለ።

«ግንዱ ተስቧል» አልኩት።

ግንዱን አየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው፤ ጫፉ ከእግሩ አንድ ክንድ አይርቅም። ደረቁን ጅረትም አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዳቦውን በማዶው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመጣበት ተመለሰ። ከዓይኔ እስኪጠፋ ጠፍሩን አለቀቅሁትም።

ኦቦ ደገፋ ያን ጊዜ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።