ጨረር ክፍል ውስጥ ብቻዬን

አንገቴ ላይ ያበጠውን ነገር ብዙ ጊዜ በሻርፕ ሸፍኜ ከሚሴ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ቆየሁ። ድምፄ ሲሻክርና ምግብ ጉሮሮዬን አልፎ አልወርድ ሲለኝ ነው ባለቤቴ ደሴ የወሰደኝ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ ከጉሮሮዬ ናሙና ወስደው ካንሰር መሆኑን፣ ወደ አንገቴም መዛመቱን ነገሩን።

«በቀዶ ጥገና አይወጣም?» አልኳት ሐኪሟን።

«ተስፋፍቷል እህቴ። ጨረሩንና በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት አንድ ላይ እናደርግልሻለን። ሁለቱ ሲረዳዱ በሽታውን የበለጠ ይመቱታል። አንቺንም ግን ያደክሙሻል።»

የማሽኑ ወረፋ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ እኛ አገር፣ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ማሽላ የሚታጨድበት ወቅት ሆነ። ባለቤቴ ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶልኝ፣ «እህሉ ሜዳ ላይ ቀረ እኮ» አለ። «ሂድ» አልኩት። አልሄድም ቢለኝ ደስ ባለኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨረር አለ፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ መድኃኒቱ በክንዴ ይንጠባጠባል። እንዳልነቃነቅ በፊቴ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል አጥልቀውልኝ ከአልጋው ጋር ያያይዙኛል። ከዚያ ሁሉም ይወጡና ከባዱ በር ይዘጋል። ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ስለማልችል የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሐን፣ በልቤ እቀራለሁ።

ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የምትቀመጥ የጎጃም ሴት ነበረች። በሽታችን አንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ልጆቿ ታጫውተኝ ነበር፤ አፋችን ሲቆስል ዝም ብለን እጅ ለእጅ ተያይዘን መቀመጥ ጀመርን። አንድ ሰኞ ቀረች። በማግስቱም አልመጣችም። ነርሷን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እምቢ አለ። ወደ ባዶው ቦታ ጠቆምኩ።

«ትንሽ ታገሺ፤ ተራሽ ይደርሳል» አለችኝ።

ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማታ ማታ ባለቤቴ ይደውላል። «አከም ጅርታ?» ይለኛል፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ደህና ነኝ ለማለት ስልኩን በጥፍሬ መታ መታ አደርገዋለሁ። ስለ ማሽላው፣ ስለ ወለደችው ላም ያወራልኛል።

ሕክምናው አልቆ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አላህ ለቤትሽ አበቃሽ» ሊለኝ መጣ። ድምፅ ስለሌለኝ ጆሮዬም የማይሰማ መስሏቸው እየጮሁ ያወሩኝ ነበር። ከወራት በኋላ ለምርመራ ስመለስ ሐኪሟ እብጠቱ መጥፋቱን ነገረችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ድምፄም ትንሽ ተመለሰ። ምራቄ ግን ደርቆ ቀረ።

አሁን ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ስቀርብ እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ ስገፋ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ያየኛል። ስለዚህ አጥሚቴን ቀደም ብዬ ጓዳ እጠጣለሁ። «ነይ እንብላ» ሲሉኝ፣ «በልቻለሁ» እላቸዋለሁ።