ለበዓሉ ያልተፈቀደች ሙሽራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌታነህ አንድ ቁልፍ ሰጡኝና ወደ ዕቃ ቤት ላኩኝ። ያገኘሁት ቆዳውን አይጥ የበላው ከበሮ፣ ጭራው የተበጠሰ ማሲንቆና በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ የመድረክ ልብስ ነበር። ተመልሼ ዘፋኞቹ የት እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ ሰው በበዓል ሰሞን ይሰበሰባል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይበተናል፣ ሥራሽ ይኸው ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት በዚሁ በመንዝ ደጋ የኪነት አሰልጣኝ ሆኜ ሠራሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ ነገር በአንድ ወረዳ ብቻ የሆነ አይመስለኝም።

ሥራው ከምልመላ ይጀምራል። ተመልማዩ ሲዘፍን ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ቁመናና ልብስ ጆሮን ያታልላሉ። ከዚያ መሪ ድምፃዊው ከተቀባዮቹ ይለያል፤ ተወዛዋዡ ለብቻ፣ ከበሮ መቺው ለብቻ ይሠለጥናል። ማሲንቆው በመሪው ድምፅ ይቃኛል እንጂ መሪው ለማሲንቆው ብሎ ጉሮሮውን አያንቅም። ብርዱ ድምፅ ስለሚዘጋ ፀሐይ ሳይሞቅ ልምምድ የለም።

አንድ ዓመት ለብሔራዊ በዓል ከየአካባቢው ሙዚቃዊ ተውኔት እንዲመጣ ታዘዘ። ንግግር የሌለው፣ ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሚነገር መሆን ነበረበት። አቶ ጌታነህ ከተሜው ኦፔራ ይለዋል፣ እኛ የዘፈን ድራማ እንበለው አሉ። ተውኔቱን እኔው ደረስኩት። በግጦሽ ሣር የተጣሉ ሁለት ቤቶች ልጆቻቸውን አጋብተው ይታረቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው የአንድ አገር እኩል ዜጎች ነን እያሉ ይዘፍናሉ። ይህ መዝጊያ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ቢሆንም እኔም ወድጄው ነበር።

ሙሽራዋን ያገኘሁት በገበያ ቀን ነው። ትርንጎ ከእናቷ ጋር ሸክላ ስትሸጥ ውላ፣ እጇን እንኳ በደንብ ሳትታጠብ ለምልመላ መጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ሲወጣ አንድም ቦታ አልተሰበረም፤ እላይ ደርሶም ጊዜ ወስዶ ቆየ። ዓይኔን ስገልጥ ከበሮ መቺው እጁን ከበሮው ላይ አሳርፎ መምታቱን ረስቶታል። ሙሽራዋ አንቺ ነሽ አልኳት።

አባቷ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ባለ እጅ ይሏቸዋል። መንደራቸው ከገደሉ አፋፍ ለብቻው ነው፤ ገበያም ላይ ከታች ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ እድራቸውም የራሳቸው ነው። ሰው ማረሻውን ያሠራባቸዋል፣ ድስቱን ይገዛቸዋል፣ ዞር ብሎ ደግሞ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላል። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁት። መድረክ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ምልክቱን በምሳ ሰዓት አየሁት። ቡድኑ አንድ ትሪ ከቦ ይበላል፤ ትርንጎ ግን ቆሎዋን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች። ምነው ብዬ ብጠይቅ ራሷ ፈልጋ ነው አሉኝ። እሷን ስጠይቃት፣ አንድ ቀን እጇን ወደ ትሪው ስትሰድ ሁሉም እንደ ጠገበ ሰው መነሣታቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ከእሷ ጋር በላሁ። ከቡድኑ የተከተለኝ አንድም አልነበረም።

ሁሉም ነገር የፈረሰው ሙሽራውን የሚጫወተው የደረጀ አባት ቢሮ በመጡ ጊዜ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠይቀው ነው የተቀመጡት።

«ልጄ የባለ እጅ ልጅ ሲያገባ አገር በቴሌቪዥን ሊያየው ነው» አሉ። «እኅቶቹን ከዚያ በኋላ ማን ያገባቸዋል?»

ጨዋታ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እርስዎ ጨዋታ ይበሉት። የሚያይ ሰው ግን እንዲያ አይልም» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

በማግሥቱ አቶ ጌታነህ መፍትሔ አገኘሁ አሉኝ። ሙሽራዋን ሆና የሌላ ሰው ልጅ ትጫወታለች። ትርንጎም አትቀርም፤ በበዓሉ ባዛር ላይ በድንኳናችን ተቀምጣ ለእንግዳ ሸክላ እየሠራች ታሳያለች። ባህላችን ነው፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የምትታየው እሷ ናት አሉ። እኩል ዜጋ ነን እያልን የምናዘፍነውን ምን እናድርገው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መፈክሩ መፈክር ነው፤ አገሩ አገር ነው» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ያ እርጋታቸው ነው።

እኔው ነኝ ወደ መንደራቸው ወርጄ ለትርንጎ የነገርኳት። አላለቀሰችም። እናቷ ወይዘሮ አበበች ጭቃ እየረገጡ ነበር፤ እግራቸውን አላቆሙም።

«የሰርጉ ጠላ በእኛ ጋን ይጠመቃል» አሉ። «ለሰርጉ ግን አንጠራም። አሁን ደግሞ ለሰርግ ጨዋታውም አትሆኑም አላችሁን።»

ትርንጎ ቀስ ብላ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ሸክላ መሥራት አያሳፍረኝም» አለች። «ድምፄን ደብቀው እጄን ካሳዩ ግን አልሄድም።»

ለአቶ ጌታነህ ተተኪ እንደማላሠለጥን ነገርኳቸው። ቡድኑንም ሰብስቤ የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኩ። ደረጀ አባቴን እንዴት እምቢ እላለሁ አለ። ሌሎቹ ያንን እንኳ አላሉም። ተውኔቱን ከሌላ ቦታ የመጣ አሰልጣኝ ተረከበው።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከአፋፉ መንደር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለባዛሩ ሸክላ ሊገዛ ሰው ቢልክ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ በሙሉ አንሸጥም አሉ። አንዷ ለቤት ሲሆን ውሰዱ፣ ለበዓል ግን የለንም ብላ መለሰችው። በበዓሉ ቀን ከሸክላ የተሠራ አንድ ነገር በድንኳናችን አልነበረም፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና እና መሶብ ብቻ ተሰቅሎ ዋለ። ተተኪዋ ልጅ ከፍታው ላይ መድረስ ስላልቻለች ቅኝቱን አወረዱላት። ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁት። እጅ ለእጅ ተያይዘው እኩል ዜጋ ነን ሲሉ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዘጋሁት።

እኔን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩኝ፤ እስከ ጡረታዬ ወንበር ሳስጠግን ኖርኩ። አቶ ጌታነህ ተሾሙ። ደረጀ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታ የምትጠየቀው ትርንጎ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ነግሬው አለፍኩ።

ትርንጎ ደብረ ብርሃን ወርዳ ሰርግ ላይ ትዘፍናለች። ያኔ በጨዋታ ሙሽራ ልትሆን አይገባም ያሉ ቤቶች ዛሬ ለእውነተኛ ሙሽሮቻቸው ይጠሯታል። አስቀድማ የምትነግራቸው አንድ ነገር አላት፤ ከእንግዳው ጋር በአንድ ገበታ እበላለሁ ትላለች። እምቢ ያላት ቤት ሌላ ዘፋኝ ይፈልጋል። ከእነዚያው እምቢ ካሉት አንዱ ዘንድሮ የበዓል ኮሚቴ አባል ሆኗል ብላ ስትነግረኝ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። አሰልጣኝ በጆሮው ይመርጣል። ጆሮው የመረጠውን ሰው የማን ልጅ ነህ ብሎ ከመድረክ የሚያወርድ ግን አሰልጣኝ አይደለም።