የየኔታ በቅሎና የጣሊያኑ ካርታ

የልጅ ልጄ ከኢንተርኔት ያሳተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እያሰመረ ሲያነብ አገኘሁት። ፈተና የደረሰበት መስሎኝ ነበር። ስጠይቀው ፖከር ስለሚባል የካርታ ጨዋታ ነው አለኝ፤ ያውም ብዙ ሰው የማይጫወተው ዓይነት። ጓደኞቹ «ካርታ ዕድል ነው፤ ማንበብ ምን ይረባሃል?» እያሉ ይስቁበታል።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባባ?» አለኝ እንደ ቀልድ።

ደሜ ፈላ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ በሰላም መስማት አልችልም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ የሃያ ዓመት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን የኔታ ግማሹን ወር ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ደብር፣ ግማሹን ወር ደግሞ ቁይ አጠገብ ባለች ሌላ ደብር ያስተምሩ ነበር። አንድ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የታመመ ስለነበር ያለ በቅሎ የትም አይደርሱም። በቅሎዋ ዳማ ነበረች፤ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ የማትደነግጥ።

ሰኔ ላይ ከቁይ ስንመለስ ወታደሮች መንገድ ላይ አስቆሙን። ለመንገድ ሥራው ጭነት እንስሳ ይፈለጋል ተብሎ ከየሰው እየተነጠቀ ነበር። የኔታን ከነጥምጣማቸው አወረዷቸውና በቅሎዋን ይዘው ሄዱ። ዝናቡ ያቦካው ጥቁር አፈር እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዋጣቸው። ያን ቀን እያዘልኩም እየደገፍኩም ከተማ አደረስኳቸው። ከጀርባዬ ላይ ሆነው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቁይ ተማሪዎቼን ማን ያስተምራቸው?»

ጣሊያኖቹ ከተማው ውስጥ በሠሩት ምሽግ፣ በግምጃ ቤቱ የተሾመ አንድ ጣሊያን ሃምሳ አለቃ ነበር። ክረምቱ ስለሰለቸው እሑድ እሑድ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ካርታ ይጫወታል። እንስሳው የተወሰደበት ሰው መጥቶ እንዲገጥመው ፈቀደ፤ ያሸነፈ እንስሳውን ይወስዳል፣ የተሸነፈ በደጀን መንገድ ላይ አንድ ወር ድንጋይ ይፈልጣል። ለእሱ ጨዋታ ነበር። ሁለት ገበሬዎች ሕጉን እንኳ ሳያውቁ ተቀምጠው፣ ተሸንፈው፣ ድንጋይ ፈላጭ ሆነዋል።

አስተርጓሚው ተሰማ የሚባል የከተማችን ሰው ነበር። ታላቄ ስለሆነ አያ ተሰማ እለው ነበር። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ መኰንን ትቶት የሄደ፣ ስለ ካርታ አጨዋወት የተጻፈ መጽሐፍ ነበረው።

«የሃምሳ አለቃው ጨዋታ ብሪስኮላ ይባላል» አለኝ። «መጽሐፉ ስለ ታላላቆቹ ጨዋታዎች ነው የሚያወራው፤ ለዚህች የሰጣት ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ንቀዋት ይሆናል።»

«ሃምሳ አለቃው አንብቦት ይሆን?»

«እሱ? እሱማ ዕድል ነው ብሎ ነው የሚጫወተው። ና፣ ላንብብልህ። ሲሸነፍ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሐምሌን ሙሉ ቁራሽ ለምኜ ስመለስ ቤቱ እየገባሁ፣ የተቀቀለ ባቄላ እየቆረጠምን፣ እሱ ያነብልኛል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ካርታው አርባ ነው፤ ጽዋ፣ ወርቅ፣ ሰይፍና ዱላ የተሳለባቸው አሥር አሥር። በየጨዋታው አንዱ ዓይነት ገዥ ይሆንና ሌሎቹን ሁሉ ያሸንፋል። የተበላ ካርታ ዋጋው ይደመራል፤ ስልሳ አንድ የሞላለት አሸናፊ ነው። ከሦስቱ ገጾች ያገኘሁት ትልቁ ምስጢር ግን ይህ ነበር፦ የወደቀውን ሁሉ ያስታወሰ ሰው፣ የሚነሣ ካርታ አልቆ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሲቀር፣ የባላጋራውን እጅ እንደራሱ ያያል። ዳዊትን በቃሉ ለሚደግም ሰው አርባ ካርታ ምንድን ነው?

ለየኔታ አልነገርኳቸውም። ቁማር ነው ብለው ይገዝቱኛል ብዬ ፈራሁ።

በነሐሴ ከእሑዶቹ በአንዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ ልገጥመው ተቀመጥኩ። ገዥው ጽዋ ሆነ። ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። መሐል ላይ ሦስት ጽዋ በተሳለባት ካርታ የሰይፍ ንጉሤን በላኝ፤ ካርታዋን በቃሌ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ ግን ትልልቁን ሁሉ እኔ እየበላሁ ሄድኩ፤ ሳቁም ቆመ። ሦስት ሦስት ሲቀረን ሃምሳ አምስት ሞልቶልኝ ነበር። በእጁ የቀሩትን ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ከጽዋ አንድም የለውም። ዋጋዋ አሥራ አንድ የሆነችውን፣ አንድ ወርቅ የተሳለባትን ካርታ ጣልኩ። በልቤ በቅሎዋን ጭኜ ወደ የኔታ ደጅ እየሄድኩ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ሦስት ጽዋ ጣለና በላት።

ያችኑ ካርታ! ከበላው ክምር ሰርቆ በሌላ ለውጧታል። አያ ተሰማ አጠገቤ ቆሟል፤ እሱም አይቷል፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የሰይፍ ንጉሤን የበላህባት ካርታ ይህች ናት። ክምርህን ግለጠው! በልልኝ፣ አያ ተሰማ!»

ሃምሳ አለቃው መዳፉን ክምሩ ላይ ጫነ። ተሰማ ጉሮሮውን ጠረገና በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለ። ሃምሳ አለቃው ፈገግ ብሎ አቀርቅሮ እጅ ነሣኝ። ያን ጊዜ ተሰማ ምን እንዳለ ገባኝ። የእኔን ክስ ትቶ «አሸንፈሃል፣ እንኳን ደስ አለህ ይላል» ብሎ ነው የነገረው።

ከጣሊያንኛ አጥርቼ የማውቃት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ሃምሳ አለቃው ገበያ በወጣ ቁጥር እኛን የሚሰድብባት። «ላድሮ!» አልኩት ጣቴን ቀስሬ። ሌባ ማለት ነው።

በጥፊ መታኝ። የአንዱ ወር ድንጋይ ፈለጣ ሁለት ሆነ።

ከደጀን መንገድ ስመለስ መስከረም አልፎ ጥቅምት ገብቶ ነበር። መዳፌ ዶማ ዶማ ይሸታል። የኔታ ሁሉንም ሰምተው ቆዩኝ።

«ቆጥረህ ነበር?» አሉኝ ብቻ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«አልተሳሳትክም?»

«አልተሳሳትኩም።»

ወደ መሬት አቀረቀሩ። አልገዘቱኝም። ቁይ ግን ዳግመኛ አልሄዱም፤ እዚያ የነበሩት ተማሪዎች ቅኔውን ሳይጨርሱ ተበተኑ። በቅሎዋም የት እንደወደቀች አልታወቀም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተሰማን ገበያ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣ አድርጎ፣ ቅቤ ያሸታል።

«ለምን አላልክልኝም?» አልኩት።

«እኔ ምን ሥልጣን ነበረኝ? አስተርጓሚ ነበርኩ እኮ፤ የተባለውን ከማድረስ በቀር!»

የተባለውን ከማድረስ! ቅቤውን ከእጁ ነጥቄ ልደፋበት ከጅሎኝ ነበር። ሰዎች ያዙኝ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኩት። ማንበብ ይረባል አልኩት፤ በጣም ይረባል፤ ሰው ንቆ በተወው ጨዋታ ደግሞ ሦስት ገጽ ይበቃል። ባላነብ ኖሮ ዕድሌ ነው ብዬ ድንጋዬን ፈልጬ ዝም እል ነበር። በማንበቤ ግን መሰረቄን አወቅሁ፤ በየትኛው ካርታ እንደተሰረቅሁም አወቅሁ፤ ያወቅሁትን ይዤ ይኸው አረጀሁ።

«እስካሁን ይናደዳሉ እንዴ፣ አባባ? ሁሉም ሞተው የለም?» አለኝ።

«ሞተዋል። ሦስት ጽዋ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ መውደቋን ከሚያውቁት በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን አንተም አወቅህ» አልኩት።