አውራ ጣትና አንድ ባልዲ ውሃ

አጎቴን ሰው ሁሉ የሚጠራው «አውራ ጣት» እያለ ነበር። የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያች የቆርቆሮ ጣሪያ ካላት ወርክሾፕ አልወጣም። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ስፖንጅ ከሚመርጥበት መንገድ ነው። ነጋዴው ስፖንጅ ተሸክሞ ሲመጣ አጎቴ አይመዝንም፣ አይለካም። አውራ ጣቱን ይጭንበታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ይሄ ሁለት ዓመት» ወይም «ይሄ ስምንት ዓመት፣ ሹፌሩ ወፍራም ካልሆነ» ይላል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ስሰፋ አንድ ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ባየሁ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ እየተሳደበ ነው። «አሮጌውን ልብስ ቀደሽ አትጣይ! በምላጭ ስፌት በስፌት ፍቺው፤ አዲሱን የምትቆርጪው በሱ ልክ ነው» ይለኛል። እያንዳንዱ ቁራጭ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል፣ የፊቱ አቅጣጫ በቀስት ምልክት ይደረግበታል። ስፖንጁ ከልብሱ በአንድ ጣት ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ «ሱሪ ጠበብ ካላለ ቂጥ አያምርም» የምትል ነገር ነበረችው። ደንበኛ አያያዝም ያውቅበታል። ሥራው ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ አምስት ቀን ብሎ ይቀጥርና በአራተኛው ያስረክባል፤ ሰውየው አንድ ቀን የተመረቀለት እየመሰለው ደስ ብሎት ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ «እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ተቀመጥበት» ይልና ትከሻውን ያያል። ትከሻው ወረድ ካላለ፣ ሰውየው ተመችቶኛል ብሎ ቢምልም ወንበሩን እንደገና ይፈታዋል።

አባቴ ጀልባ ነጂ ነበር። ሐይቁን ከወዲህ ወዲያ ሰው ያሻግራል። ከአጎቴ ጋር ካልተነካከሱ ምሳ አይወርድላቸውም። አባቴ «አንተ እኮ ዕድሜህን ሙሉ የሰው መቀመጫ ስትለካ ኖርክ» ይለዋል። አጎቴ «አንተም ዕድሜህን ሙሉ ቁጭ ብለህ ነው የኖርከው፤ ይኸው ደንበኛዬ ሆንክ» ይለዋል። እናቴ በሁለቱም ትስቅ ነበር። አጎቴን አሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

አንድ ዓመት ፀሐይና ውሃ የጀልባውን መቀመጫዎች ልብስ ሰነጣጥቀው ጨረሱትና አባቴ የተሳፋሪዎቹን አሥራ ሁለት ትራሶች ለአጎቴ አመጣለት። የጀልባ መቀመጫ ከመኪና ይለያል። ትራሱ ይነሳል፤ በግራና በቀኝም የሸራ መያዣ አለው። ጀልባው ቢገለበጥ ሰው ያንን ይዞ እንዲንሳፈፍ ነው። አጎቴ የጀልባ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ለመማር ግን አይሰንፍም። ፀሐይ የማይበላው ክር አፈላልጎ አመጣ። ውሃ እንዳይተኛበት ስፌቱን ከላይ ወደ ጎን አወረደው። ከታች በኩል ቀለበት ያላቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አበጀ፣ የገባ ውሃ እንዲወጣ። መያዣዎቹን እኔ በአራት ዙር ስፌት አጠበቅኳቸው። የቀረን የውስጡ ነገር ነበር። በአሮጌዎቹ ትራሶች ውስጥ ያለው ቢጫ፣ ደረቅ፣ እንደ ጣውላ ግትር ነው። አጎቴ አውራ ጣቱን ጫነበትና «ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ ቅጣት?» ብሎ ወደ ጓሮ ወረወረው። በምትኩ ለትልልቅ መኪኖች የሚያደርገውን ምርጥ ስፖንጅ አስገባ።

አባቴ ሥራውን ሊያይ መጣ። ተቀመጠበት፣ ትከሻው ወረደ። ከዚያ መሬት ላይ ከወዳደቀው የስፖንጅ ቁርጥራጭ አንዱን አነሳና አገላበጠው።

«ውሃ ውስጥ ነክረህ አየኸው?» አለው።

«ለምን? ላጥበው ነው?»

«አሮጌው ግትር ይሁን እንጂ ውሃ አይጠጣም ነበር። ይሄ ይጠጣ አይጠጣ ምን አውቃለሁ? ልጄ፣ እስቲ አንድ ባልዲ ውሃ አምጪልን።»

ቧንቧው ከግቢው ማዶ ነው፤ አባቴ ደግሞ አንድ እግሩን ያመዋል። ባልዲውን ሞልቼ አመጣሁና በመሃላቸው አስቀመጥኩት። አጎቴ ውሃውን አየ፣ አባቴን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ማስቲሽ የደረቀበትን እጁን እዚያው ታጠበበት። አውራ ጣቱን እያንጠባጠበ ወደ ላይ አነሳና «ይሄ እያለ ባልዲ ምን ያደርጋል?» አለ። አባቴ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። «እሺ፣ አውራ ጣት ካለ አለቀ» አለ አባቴ።

«ያንተንስ የነጂውን ትራስ ለምን አላመጣኸውም?» አለው አጎቴ።

«እሱን ተወው፤ ቂጤን ለምዶታል።»

አዲሱ ትራስ ውሃው ላይ ሲያበራ ያዩ ጀልባ ነጂዎች ተከታትለው መጡ። በሁለት ወር ውስጥ ስድስት ጀልባ ሠራን። አጎቴ ከመኪና ሥራ ወጥቶ ባለ ጀልባ የሆነ ይመስል መንገድ ላይ ሲሄድ ደረቱን መንፋት ጀመረ። እኔም ሥራችን ያኮራኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነፋስ ተነሳና የአባቴን ጀልባ መሃል ሐይቅ ላይ ገለበጣት። ዘጠኝ ሰው ጭና ነበር። ስድስቱ የተገለበጠችውን ጀልባ ሙጭጭ ብለው ይዘው ተረፉ። አንዲት ሴት በነፋስ ተገፍታ ርቃ ስትንሳፈፍ ተገኘች። ሁለት ተሳፋሪዎችና አባቴ ግን ሰመጡ። አባቴ ዋና የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እግሩ ግን ሩቅ አያስኬደውም። ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ፤ እናቴም እሷኑ ቃል ይዛ «ቀኑ ነው፣ ቀኑ ነው» እያለች ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ያቺ የተረፈችው ሴት ለቅሶ ቤታችን መጣች። በብብቷ የአባቴን አሮጌ የነጂ ትራስ ይዛለች። በእናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ተንበረከከች።

«የሳቸው ነው፣ ልመልስ ብዬ ነው» አለች። «እጄ ላይ የነበረውን ትራስ ቀሙኝና ይሄን ሰጡኝ። ‹ይሄን ያዢ፣ ያኛው ከብዷል› አሉኝ። ያኛውን እሳቸው ያዙት።»

እናቴ የምትሰማበት ልብ አልነበራትም፤ ትራሱን ትዳስሳለች። አጎቴ ግን ክው አለ። ማንንም ሳያይ ተነስቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ወርክሾፑ ስደርስ ባልዲውን ራሱ ሞልቶ አምጥቷል። ጓሮ የወረወረውን ቢጫ ነገር አንድ ቁራጭ ውሃው ላይ ጣለ። ተንሳፈፈ። ወደ ታች ደፈቀው፣ ሲለቀው ተመልሶ ብቅ አለ። ከዚያ ከኛ ስፖንጅ ጣለ። መጀመሪያ እሱም ተንሳፈፈ። አጎቴ አውራ ጣቱን ጫን ሲያደርግበት ስፖንጁ ውሃውን ጠጣ፣ ጠቆረ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ባልዲው ወለል ላይ ተኛ። ውሃ እንዲወጣ ብለን ያበጀናቸው ቀዳዳዎች ያን ዕለት ውሃውን ያስገቡት እነሱ ናቸው። መያዣዎቹ ደግሞ አልተበጠሱም፣ የያዛቸውን ሰው ይዘው ወረዱ፤ እኔ ነኝ በአራት ዙር የሰፋኋቸው።

«ስንት ጀልባ ቀረ?» አለኝ።

«ስድስት።» ከዚያ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ዝም ብለን እንቀይርላቸው። ‹የተሻለ ዕቃ መጥቶልናል› እንበላቸው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። እማዬ ማወቅ የለባትም።»

የጠቆረውን ስፖንጅ ከባልዲው አውጥቶ ጨመቀው። ሐሳቡ እንዳማለለው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ከእህቱ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም የለውም።

«ዛሬ ከሰዓት የሚሻገር ጀልባ አለ?» አለኝ።

«አለ እንጂ። በየቀኑ አለ።»

ምላጩን አነሳና ወጣ።

ጀልባዎቹ መቆሚያ ስንደርስ የመጀመሪያው ሰው እየጫነ ነበር። አጎቴ ዘሎ ገባና «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» እያለ ትራሶቹን በምላጭ መዘልዘል ጀመረ። ባለጀልባው ኮሌታውን አንቆ «ሰውዬ፣ ሐዘን አሳበደህ እንዴ?» አለው። አጎቴ አንድ ያልተቀደደ ትራስ አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረ። «ቁሙና እዩት» አለ። ቆመን አየን። ትንሽ ተንሳፈፈ፣ አንዱ ጎኑ ዘመመ፣ ውሃ ሲገባበት አረፋ እየተፋ ወረደ። ከዚያ አንዱ በጥፊ መታው፣ ሌላው ተከተለ። እጁን እንኳ አላነሳም።

ማን እንደነገራት አላውቅም፣ እናቴ በለቅሶ ልብሷ እየሮጠች መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

«እትዬ» አላት አጎቴ፣ ከንፈሩ እየደማ። «ባልሽን የበላው የኔ ሥራ ነው። ውሃ የሚጠጣ ስፖንጅ ነው ያስገባሁበት። እሱ ጠርጥሮ ነበር፣ ባልዲ ውሃ አስመጥቶ ነበር። እኔ እጄን ታጠብኩበት።»

እናቴ አልጮኸችም። «ሌላ ማን ነበር?» አለች።

አጎቴ ወደኔ አላየም። «ማንም። እኔና እሱ ብቻ።»

ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። እኔም ነበርኩ ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ተሳሰረ ልበል? ውሸት ነው። አባቴን አጥቻለሁ፣ እናቴንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

አጎቴ ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ እናቴ በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቃል አላናገረችውም። ስለሱ መናገር ግድ ሲሆንባት «ያ ሰውዬ» ትላለች። ጀልባ ቀርቶ ደህና መኪና የሚያመጣለት ጠፋ፤ አሮጌ ታክሲዎች ብቻ ይመጡ ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ በሩ ላይ ባልዲ ሞልቶ ያስቀምጣል። ውሃ ለማይነካው መኪና እንኳ የሚገዛውን ስፖንጅ ከድንጋይ ጋር አስሮ አንድ ሙሉ ቀን ይዘፈዝፈዋል። ነጋዴዎቹ ያሾፉበታል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አውራ ጣቱን ስፖንጅ ላይ ሲያሳርፍ ዳግመኛ አላየሁትም፤ ጨርቅ እንኳ ሲይዝ በአራቱ ጣቶቹ ነበር።

አንድ ጊዜ የእናቴ ወንበር ተቀደደ። በድብቅ ወሰድኩለት። እንደዚያ ተጠብቦ የሠራው ወንበር የለም። እናቴ ቁጭ አለችበት፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ወዲያው ተነሳች። ማን እንደሠራው ለመጠየቅ አልደከመችም። ምላጭ አምጥታ ስፌት በስፌት ፈታችው፤ እስከ ዛሬም ባዶ እንጨቱ ላይ ነው የምትቀመጠው። ይህን ስነግረው አጎቴ «በደንብ ፈታችው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ያን ቀን «ጋሼ፣ እኔም እንደነበርኩ ልንገራት» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ። «የምትጠላው ሰው አንድ ነው። ሁለት አታድርጊባት።»

ቀን ከሱ ጋር እሰፋለሁ፣ ማታ ከእናቴ ጋር እራት እበላለሁ። እንዲህ እየተመላለስኩ፣ በሰው ጀርባ ተጠልዬ ኖርኩ። በመጨረሻ የማስቲሹ ሽታ ደረቱን ጨርሶት ሞተ። ቀብሩ ላይ እናቴ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ጠብታ እንባ አልወጣትም፤ ሴቶቹ «ምን ዓይነት አንጀት ነው» ብለው አሟት።

በሳምንቱ ወርክሾፑ መጣች። ያን ሁሉ ዓመት እግሯ ረግጦት አያውቅም። የአጎቴ ስፌት መኪና አጠገብ ቆማ ባልዲውን ስታይ ቆየች።

«ቧንቧው የት ነው?» አለችኝ።

ከግቢው ማዶ አሳየኋት። ርቀቱን በዓይኗ ለካችው።

«አባትሽ በዚያ እግሩ እዚያ ድረስ አይሄድም ነበር» አለች። «ያ ሰውዬም ለናቀው ባልዲ አይሄድም። ውሃውን ማን ቀዳ?»

«እኔ።»

«እጁን ሲታጠብበትስ? ምን አልሽ?»

«ሳቅኩ፣ እማዬ።»

አልሰደበችኝም። ቀስ ብላ የአጎቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን ስፌት መኪናው ላይ ደፋች። «ወንድሜን» አለች። ዘጠኝ ዓመት ከአፏ ያልወጣ ቃል ነው። «ወንድሜን! ብቻውን ትቼው... ወንድሜን!» እያለች ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። እኔ ልይዛት አልደፈርኩም። ባልዲው አጠገብ እንደቆምኩ ቀረሁ።