ያለ ብሎን የታሰረ ቤት

ነጌሌ ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ የመንገድ ዕቃ የሚጠይቀኝ ሰው ዛሬ ዛሬ በዝቷል። ወጣቶች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ መኪና ይዘው፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን አስረው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይመጣሉ። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን አንስተው ዋጋ ሲጠይቁኝ፣ እሱን ተዉት፣ ቆላው ውስጥ ሲሞቅ ውሃውን ዘይት ዘይት ያሰኘዋል፣ እላቸዋለሁ። አጎበር ሲሹ የአልጋውን ስፋት ሳይሆን የመኪናውን በሮች እጠይቃለሁ፣ ትንኝ የሚገባው በበር ነዋ። ሸራ የሚገዛ ሰው ገመዱን ከእኔ ካልገዛ ሸራውንም አልሸጥለትም፤ በቀጭን ገመድ አስሮ ነፋስ ሲወስድበት ስሜን እንዲያነሳ አልፈልግም። «እማማ፣ ብዙ ተጉዘዋል ማለት ነው» ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ውሸቴን ነው። ለሕክምና ሐዋሳ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ሌላ መንገድ የለኝም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ግቢያችን ውስጥ ቆማ ከነበረች አንዲት መኪና ነው።

ባሌ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮት ከነጌሌ በፊልቱ አድርጎ ዶሎ ኦዶ ይመላለስ ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው ይጭናል። ትውልዱ ቦሬ ነው፣ ደጋው ላይ፣ ጭጋግና እንሰት ባለበት። እኔ ደግሞ እዚሁ ነጌሌ የተወለድኩ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ሱቅ ከፍቶ የኖረ የከተማ ሰው ነበር፤ እናቴ ግን ከቦረና ከብት አርቢዎች መንደር ወጥታ ያገባችው ናት። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጋፉ ይውላሉ።

ባሌ ስለ ዶሎ አውርቶ አይጠግብም። የገናሌና የዳዋ ወንዞች የሚገናኙት እዚያ ነው። እኔ በሁለቱ ወንዞች መካከል ተወልጄ፣ በሁለቱ መካከል አግብቼ፣ ሲገናኙ አላየሁም። «አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ» ይለኝ ነበር። በድርጅት መኪና ሚስት ማሳፈር ክልክል ነበር፣ እሱ ደግሞ ክልክል የተባለ ነገር ሲነካ ያላየሁት ሰው ነው። ስለዚህ ጡረታውን ጠበቅን።

ጡረታ ሊወጣ አካባቢ አንድ ቀን አንድ ፈረንጅና ሚስቱ በሞያሌ በኩል መጥተው ከተማችን ውስጥ ጎማ ተነፈሰባቸው። ባሌ አገዛቸው። እነሱም መኪናቸውን ከፍተው አሳዩት፤ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ መብራት አለ። ጎማው ከተሠራ በኋላ ሁለት የሚታጠፍ ወንበር ዘርግተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ባሌ ያን ቀን ቤት ሲመጣ የመኪናውን ነገር ጥቂት ነገረኝና ስለ ወንበሮቹ ግን እስክንተኛ ድረስ አወራኝ። «ሁለቱም ወደ አንድ በኩል ዞረው ነው የተቀመጡት» አለ። በጊዜው ምን እንደሚገርመው አልገባኝም።

ጡረታውን አግኝቶ ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ አንዷን ረጅም ላንድክሩዘር ገዛ። ሲነዳት የኖራት ናት፣ በሽታዋን ያውቃል። ከዚያ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። የኋላ አግዳሚ ወንበሮቿን ነቅሎ በኮምፔንሳቶ አልጋ ሠራ፣ ከአልጋው ሥር መሳቢያ አበጀ። ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ጥቁር የተቀባ ወፍራም ቱቦ አስበየደ፤ ውሃ ሲሞላ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ማታ ገላ ይታጠቡበታል። ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለት አምፖል፣ ከጎን የሚዘረጋ ሸራ፣ አካፋ፣ ፖምፓ፣ አሸዋ ውስጥ ጎማ ሥር የሚነጠፍ ላሜራ። ቡታጋዙን ከኋላ በሩ ላይ በአራት ብሎን አሰረው። የማይታሰር ነገር አልተወም። የማንኪያ ማስቀመጫ እንኳ በብሎን ነው። «መንገዱ ሁሉን ያንኳኳል» ይላል፣ መፍቻውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ሊሰካ ምንም አይቀረው።

በዚህ ሁሉ እኔን አንዴም አልጠየቀኝም። የዕቃ ሱቅ ያላት ሴት አግብቶ ጀሪካን ከሞያሌ አስመጣ። ድንገት ሊያስደስተኝ ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። ሲጨርስ መኪናዋን አጥቦ፣ በሯን ከፍቶ ጠራኝና «ቤትሽ ይኸው» አለኝ። አየሁት። ሥራው የሚያምር ነበር። «ይበል» ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ባሌ በአክብሮት አንቱ እያለ መኪናዋን አስጎበኛት። እሷ ምርኩዟን ይዛ አንድ ዙር ዞረቻት፣ አልጋውን በእጇ መታ መታ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ «መነ ከነ ኤኙቱ ኢጃሬ?» አለችኝ፤ ይህን ቤት ማን ሠራው ማለቷ ነው።

«እሱ ነዋ» አልኳት።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

የእናቴን አገር የማያውቅ ሰው ተራ ጥያቄ ሊመስለው ይችላል። እዚያ ቤት የሴት ነው። እንጨቱን ቆርጣ የምታጎብጠው፣ ምንጣፍና ቆዳውን የምትደርበው ሚስት ናት። ሰፈር ሲለቀቅ የምታፈርሰውም፣ ግመል ላይ የምትጭነውም እሷው ናት፤ ባል በቤቷ ውስጥ ያለ ዕቃ ሳይጠይቃት ከቦታው አያነሳም። በባሌ አገር በቦሬ ደግሞ ቤት የሚሠራው ወንድ ነው። ቀርከሃውን ይፈልጣል፣ ግድግዳውን ይሸምናል፣ ሲያልቅ ሚስቱን ግቢ ይላታል። ሰውዬው ደግነቱን በሚያውቀው መንገድ ነበር ያሳየኝ። እኔም ከተሜ ነኝ ባይ ነበርኩና የገጠር ሥርዓት ያስቀይመኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። ብቻ እዚያች መኪና ውስጥ እግሬን ላስገባ ስል የሌላ ሴት ቤት የምገባ እየመሰለኝ ደሜ ይፈላል።

ምክንያት አላጣሁም። ሱቁን ማን ይጠብቃል፣ ወገቤን ያመኛል፣ በበጋ ዶሎ እሳት ነው፣ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ቡታጋዙ ለእኔ ቁመት ከፍ ይላል፤ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ ወጤን እያየ ሲያልፍ አላበስልም። እሱ ቡታጋዙን ፈትቶ ዝቅ አድርጎ አሰረው። እንደገና በአራት ብሎን።

በመጨረሻ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ዓሣ በልቶ፣ ደስ ብሎት ነበር። ወይም ደስ ያለው መስሎ ነበር። በማግስቱ የመኪናዋን አሸዋ ልጥረግ ብዬ ስገባ ሁለቱን የሚታጠፉ ወንበሮች አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ ገዝቶ ኖሯል። አንደኛው ጭቃ ነክቶታል፣ ጨርቁ ረግቧል። ሁለተኛው ከተሸጠበት ፕላስቲክ አልወጣም። ዶሎ ድረስ ይዞት ሄዶ፣ ሳይፈታው ይዞት ተመልሷል። መጥረጊያውን ጥዬ ተቀመጥኩ። በቀላሉ የማላለቅስ ሴት፣ ያን ጠዋት በፕላስቲክ በተጠቀለለ ወንበር አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ልሄድ ወሰንኩ፤ ግን በራሴ ቤት። እናቴ ታማ እኛ ዘንድ ስትከርም የግመል አጫጫን አስተምሪኝ አልኳት። ሳቀችብኝ፣ ከዚያ አስተማረችኝ። መጀመሪያ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። ከባዱ ከመሃል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ጎኖች ይመዛዘናሉ። የሚሰበር ነገር ከሚለሰልስ ነገር ጋር ይጋባል። በጠፍር ከታሰረ አይንኳኳም፤ በምስማር የታሰረ ግን ሲላላ ይጮኻል። እሷ ሁለት የጭራሮ ምንጣፍ አስመጣችልኝ፤ እኔ ወፍራም ሸራ ቀድጄ በመኪናው ጎን የሚንጠለጠሉ ባለኪስ ከረጢቶች ሰፋሁ፣ ጠፍር ገዛሁ፣ ሁለት የወተት ጮጮ፣ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን። ሁሉንም ከሱቄ ጓዳ ደበቅኩት። ለእሱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ብሎኑን ፍታና እመጣለሁ ማለት አፌ ላይ ነበር፤ ግን ራሱ ይድረስበት ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ሳስበው እሱ መኪናዋን ሲሠራ እንዳደረገኝ ነው ያደረግሁት።

አንድ የገበያ ቀን ምሳ ልበላ ቤት ስመጣ ግቢው ሙሉ ዕቃ ሆኗል። አልጋው፣ መሳቢያዎቹ፣ ቡታጋዙ፣ አምፖሎቹ፣ ሁሉም ተፈተው ሸራ ላይ ተደርድረዋል፤ ብሎኖቹ በቆርቆሮ ጣሳ። መኪናዋ ባዶዋን ታጥባ ቆማለች። እሱ የለም። ገባው፣ አልኩ። ማንም ሳይነግረው ገባው። ሱቁን ዘግቼ የደበቅኩትን በጋሪ አስመጣሁ። ምንጣፎቹን አነጠፍኩ፣ አንዱን በጎን አቆምኩ፣ ከረጢቶቹን አንጠለጠልኩ፣ ሳጥኑን ከመሃል አሰርኩ፣ ጮጮዎቹን በብርድ ልብስ መካከል አጋባሁ። ስጨርስ ውስጧ ሌላ ነገር ሸተተ፣ የእናቴን መንደር የመሰለ። በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጣ። ከወደራ የሚመጡ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፣ መለስኩላቸው። ባሌ መኪናዋን እና እኔን አየና በቆመበት ቀረ። አብሬው እንደማልሄድ ተስፋ ቆርጦ መኪናዋን ለሳቸው ሸጧት ነበር። ቅቤና ጥራጥሬ ሊጭኑባት ስለፈለጉ ነበር ባዶዋን ያደረጋት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ እኔ የገዛሁት መኪና ነው» አሉት። «ይህ መነ ነው፣ የሴት ቤት ነው። የሰው ቤት አፍርሼ ቅቤ አልጭንም። ቃልህን እመልስልሃለሁ፣ አንተም ቃሌን መልስልኝ። ናጋ ነው፣ ቅያሜ የለውም።»

ባሌ ወደ መኪናዋ ቀረበ። ከረጢቶቹን፣ ጠፍሩን፣ ምንጣፉን አየ። እጁን ሊዘረጋ ብሎ መልሶ ሰበሰበው፣ ምንም አልነካም። ከዚያ ሽማግሌውን፣

«ቤቱ የሷ ነው» አላቸው። «እሷን ይጠይቁ።»

ያን ቃል ስጠብቅ ስንት ጊዜ ኖሬያለሁ። ሲመጣ ግን አልሰማሁትም። የሰማሁት ሳይነግረኝ መሸጡን ብቻ ነበር። በባዶ መኪና የተደሰትኩት ደስታ፣ በጋሪ ዕቃ ሳስጎትት ያዩኝ ጎረቤቶች፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ወጣ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

«መኪናው የሱ ነው» አልኩ። «ሠርቶ ያልጠየቀኝም እሱ፣ ሸጦ ያልጠየቀኝም እሱ። ይውሰዱት።»

ሽማግሌው ጥቂት ጠበቁኝ። ሐሳቤን እንድቀይር ጊዜ መስጠታቸው ነበር፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ባሌም ጠበቀኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወደ መኪናዋ ገብቼ ጠፍሩን መፍታት ጀመርኩ። ለማሰር ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ቤት ለመፍታት ቶሎ አለቀ፤ የእናቴ አጫጫን የተበጀው እንደዚያ ነው። እኔ ከውስጥ አቀብላለሁ፣ ባሌ ከውጭ ይቀበላል፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውን አጥር ሥር ቆመዋል።

የመጀመሪያውን ምንጣፍ ጠቅልዬ ስሰጠው አልሄደም። በሁለት እጁ አቅፎት ቆመ። እሱ፣ ለማንኪያ ሳይቀር እኔን ሳይጠይቅ ቦታ ያበጀ ሰው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«ይሄን የት ላድርግልሽ?» አለኝ።

«የትም» አልኩት።

ምንጣፉን ግድግዳው ሥር አቆመው። ቀሪውንም እየተቀበለኝ እዚያው ደረደረው። ያ መልሴ ይቆጨኛል፣ ዛሬም ቢሆን ይቆጨኛል። አብረን ነን፣ ደህና ነን፣ ጠዋት ሱቁን ይከፍትልኛል፣ ዕቃ ያወርድልኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ጠይቆኝ አያውቅም።