ለብራዚሉ አባት የተናገርኩት

ስልኩን ይዛ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሰናይት ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የአያቷ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፍ ግን አለኝ።

ዛሬ ሰናይትን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ገና በር ላይ ቆመው ሳሉ "ስጠው!" ብዬ ስጮህ ሰሙኝ።

የጮኽኩት ለቴሌቪዥኑ ነው። የድሮውን ዘመን በሚያሳየው የብራዚል ድራማ፣ ከጣልያን በመርከብ የመጣ ድሃ ቡና ለቃሚ የባለእርሻውን ልጅ ወዷል። (በነጭ ቀሚስ ቡና ሲለቀም ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።)

አባቷ "ዘመዱን አላውቀውም" ብሎ እንቢ ሲል ደሜ ፈላ። "አንተ ልበ ደረቅ! ተዋደው የለም እንዴ? ስጠው!"

ሽማግሌ የላከው ልጅ ደግሞ ከመቻራ መጥቶ እዚህ ጭሮ ጋራዥ የሚሠራ ነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ "ዘመዱን ለማላውቀው ሰው ልጅ አልሰጥም" ስል ነው የከረምኩት።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አንደኛው ቆሞ እየሳቀ "አባባ፣ ሳንጠይቅ መለሱልን። እንቀመጥ?" አለኝ።

"ያልኩት ለብራዚሉ ሰውዬ ነው!"

"ታዲያ ለብራዚል የተረፈ ምክር ለጭሮ ያንሳል?"

እኔ ቃሌን አላጥፍም፤ ለቴሌቪዥን የተናገርኩትም ቢሆን። "ተቀመጡ" አልኳቸው።

እናንተንስ ድራማ እንዲህ ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

በይ ሰናይት፣ መልሰሽ አንብቢልኝ። "ተቀመጡ" ያልኩት ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ደስ ብሎሽ ደጋግመሽ እንዳትጽፊው።