እንዲሁ ነው የመጣሁት

ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር የድሮውን የላምባ ምድጃ ከቆጥ አወረድኩ። አቧራውን ጠርጌ፣ ላምባ ሞልቼ፣ ክሩን ሳብ አድርጌ ስለኩሰው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሐሳቤ ሻይ ማፍላት ነበር። ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ምድጃ ጠጋኙ አያ ይመር እጁን በሳጋቱራ እየጠረገ ከጎኔ የቆመ መሰለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ ስል ጉልበቴ ይነቀነቃል። ስነሳ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ በሩ ጋ የተቀመጡትን ጫማዎች አይቼ እመለሳለሁ። ነገ እሁድ ነው። ነገ ከደሴ ተነስተን፣ አስፋልቱን ትተን፣ በሐረጎ በኩል ቁልቁል በሚወርደው የእግር መንገድ ኮምቦልቻ ድረስ እንሮጣለን። ሩጫውን የጠሩት ጥቂት የሰፈር ወጣቶች ናቸው። ሽልማት የለውም፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር የለውም፣ ስንደርስ ሻይና ዳቦ ይኖራል ተብሏል። ወሬውን ያመጣልኝን ልጅ “ታዲያ ለምንድን ነው የምትሮጡት?” ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን አከከና “እንዲሁ ነው አባባ” አለኝ።

ያችን ቃል ስሰማ “እኔንም ጨምረኝ” አልኩት።

ሰባን ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህን የምናገረው እድሜዬን ለማማረር ሳይሆን ሰው አይቶኝ ስለማያምን ነው። በሕይወቴ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የአባቴን ሬዲዮ በታትኜ፣ ተገርፌ፣ መልሼ ገጥሜ ነው። በሰኞ ገበያ ሙሄ ያልጠገነውን ሬዲዮ ማንም አይጠግነውም ይባል ነበር። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ብሆንም የተቃወመኝ ሰው አልነበረም። መሮጥን ግን በራሴ ተማርኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እሱን የተማርኩት ከአያ ይመር ነው።

የእሱን ነገር ከማውራቴ በፊት ልጄ ሃዋ የጋረጠችብኝን ልናገር። ሃዋ ኮምቦልቻ ነው ያገባችው። ከባሏ እናት ከእትዬ ዘሃራ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች። እንደምሮጥ የነገርኳት ቀን ስልኩ ከጆሮዬ ሊያመልጥ እስኪደርስ ጮኸች።

“አባ፣ አብደሃል? ጉልበትህ ቢሰበር ማን ይጠግንልሃል?”

“ሬዲዮ ስንቱን ሽቦ እንደያዘ ብታውቂ ስለ ጉልበት አታወሪም ነበር።”

“ወላሂ፣ እሁድ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እያየ ይዤ ነው የማስቀርህ!”

ታደርገዋለች። በኔ ወጥታለች። ስንጨቃጨቅ ቆይተን በመጨረሻ ተስማማን። ሐሙስ ብቻዬን መንገዱን በሙሉ በእግሬ መጥቼ፣ ደህና ሆኜ ደጃፏ ላይ ከቆምኩ እሁድ አትከለክለኝም። ተደግፌ ወይም በባጃጅ ከመጣሁ ግን ጫማውን አስረክባለሁ። ጫማውን ከሰልባጅ ተራ ስንቱን ገለባብጬ ነው ያገኘሁት፣ ሶሉ ገና አልተነካም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የጦሳን ዳገት መውጣትና መውረድ፣ ማታ ማታ ባቴን በኑግ ዘይት ማሸት ሆነ ሥራዬ። የሰፈር ሰው “አያ ሙሄ ማንን ሊያገቡ ነው?” እያለ ሲስቅ እሰማ ነበር።

በኑግ ዘይት ማሸትም የአያ ይመር ነው።

አያ ይመር ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተከደነች ጠባብ ሱቅ የላምባ ምድጃ ይጠግን ነበር። የሚታወቀው ግን በዚያ አይደለም። በዚያ ዘመን ስልክ ያለው ፖስታ ቤትና ጥቂት ሀብታሞች ቤት ነበር። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ደግሞ ሟች አያድርም፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት በዚያው ቀን ይቀበራል። ኮምቦልቻ ያለ ወንድም ወይም ደጋን ያለች እህት ቶሎ ካልሰሙ የሚደርሱት እርጥብ አፈር ላይ ነው። አውቶቡሱ ካልሞላ አይነሳም፣ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪናም በየጠመዝማዛው እያቃሰተ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የሟች ቤተሰብ ወደ አያ ይመር ሱቅ ይመጣል። እሱ የያዘውን ምድጃ ያስቀምጣል፣ እጁን በሳጋቱራ ይጠርጋል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል፣ የበረባሶውን ማሰሪያ ያጠብቅና ይጠፋል። መኪና የሚዞረውን እሱ ቀጥ ብሎ ይወርደዋል።

ረጅም ነበር፣ ቀጭን፣ ጺሙን በቅባት የሚያበጥር፣ ወሬውም እንደ እግሩ የማይያዝ። “ከእኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ የሚገባ ዝናብ ብቻ ነው” ይል ነበር። እንዲያ ሲል ደረቱን ሲነፋ ማየት እወድ ነበር። ዛሬ ሰዎች ሙሄ ራሱን ይወዳል ሲሉኝ ከማን እንደወሰድኩት አውቃለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የኤንትሬ ሹፌር ሐረጎ ላይ “ዛሬ እንኳን አትቀድመኝም፣ አንተ ቀጫጫ!” ብሎ ነካካው። አያ ይመር የሞተ ሰው አልነበረውም፤ የሚሄደው የምድጃ ክር ሊገዛ ነበር። ተናደደና መኪናውን ሊቀድም ሮጠ። ቀደመውም። እየሳቀ፣ በላብ ተጠምቆ ኮምቦልቻ ሲገባ አንዲት አዲስ ሙሽራ በደጇ ቆማ አየችው። ወንድሟ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የያዘችውን እንስራ ለቀቀችው፣ ደረቷን መታች፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አያ ይመር ሹፌሩ ላይ ለመሳቅ ወደ ኋላ ዞሮ ሲጠብቅ ከፊቱ የድንኳን ቋሚ የተሸከሙ ወንዶች መጡ። ሰውየው አልሞተም፤ እንዲያውም በማግሥቱ ከሆስፒታል ወጣ። ሙሽራዋ ግን ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ይዟት ተኛች። ያቺ ሙሽራ የዛሬዋ እትዬ ዘሃራ ናት።

ከዚያ በኋላ አያ ይመር ወደ ሰው ደጅ ሮጦ ገብቶ አያውቅም። ከኮምቦልቻ የመጀመሪያ ቤቶች በላይ፣ ምንጭ አጠገብ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ይቀመጣል። ትንፋሹ እስኪመለስ ይቆያል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሱሪውን ያወርዳል፣ ሻሹን እንደገና ይጠመጥማል። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ይገባል። ደጃፍ ላይ ሲደርስ ረጅም ሰላምታ ይሰጣል፤ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ውሃ ይለምናል። ሁሉም ቁጭ ካሉ በኋላ ነው መርዶውን የሚናገረው።

ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ዝግታውንም አወቀው። እጁን አጣምሮ ሲገባ ሲያዩት ገና ሰላምታውን ሳይጀምር መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያኔ ነው የእንዲሁን ጉዞ ያመጣው። ማንም ሳይሞት፣ የሚገዛም ሳይኖረው፣ ሱቁን ዘግቶ እስከ ኮምቦልቻ ይሮጣል። ድንጋዩ ላይ ይታጠባል፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ያንኑ ሰላምታ ይሰጣል። “ማን ሞተ?” ሲሉት “ማንም። እንዲሁ ነው የመጣሁት” ይላል። አንድ ቤት ውሃ ይጠጣል፣ ሌላ ቤት ይበላል፣ ይመለሳል።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እኔን የሚወስደኝ በእንዲሁ ቀን ብቻ ነበር። በመርዶ ቀን ልጅ አያስከትልም። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ኋላ ሳያይ “ዓይንህን አስቀድም፣ እግርህ ይከተለዋል!” እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ ከበረባሶው የላምባ ሽታና አቧራ እየተነሳ ፊቴን ይመታኝ ነበር። አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ሆነን ጠየቅሁት።

“ዛሬ ማንም አልሞተም። ለምንድን ነው የምንታጠበው?”

“ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኜ ካልገባሁ የክፉው ቀን ፊቴ ይታወቃል” አለኝ። “አዝላ የቆመች ሴት አለች። ልጇን አውርዳ ቁጭ እስክትል ድረስ ማወቅ የለባትም።”

በየቤቱ በደስታ ነው የሚቀበሉት። እትዬ ዘሃራ በተለይ “ይመር፣ በነፃ አስደንግጠህ በነፃ ልትበላ ነው!” ትለዋለች። “ወንድምሽ አልሞተም፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ይልቅ ቅቤ አውጪ!” ይላታል። የምታቀርብልንን ቅንጬ ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቅቤው በጣቶቼ መሃል ሲወርድ ነበር የምልሰው።

አያ ይመር ሲሞት እኔ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ነበር። ያኔ ስልክ በየሰፈሩ ገብቷል። ለኮምቦልቻ ሰዎች መርዶው የደረሳቸው በስልክ ነው። ማንም አልሮጠም።

ሐሙስ ሱብሂን ሰግጄ ተነሳሁ። ሐረጎ እስክደርስ ብርድ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ከዚያ ቁልቁለቱ ተከፈተ። ከላይ በአስፋልቱ የሚወርዱት መኪናዎች ፍሬን ሲቃጠል ይሸተኛል፤ እነሱ ሲዞሩ እኔ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። መንገዱ ተለውጧል። ባዶ የነበረው ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ሽቦ ታጥሮበታል፣ ጎርፍ የበላውን ዞሬ አለፍኩ። አንዴ ተንሸራትቻለሁ፤ ያየኝ ሰው ስላልነበረ አልቆጥረውም። የቦርከና ወንዝ ሸለቆው ውስጥ ሲታየኝ አየሩ ሞቀ፣ ጉልበቴ ግን እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ስለሆነ ነው።

ድንጋዩ አለ። አጠገቡ የብሎኬት ማምረቻ ተሠርቷል እንጂ ምንጩም አለ። ሳላስበው ቆምኩ። ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ጫማዬን በሳር ጠረግሁ፣ በፌስታል የያዝኩትን ጃኬት ለበስኩ፣ ሻሼን አስተካከልኩ። ትንፋሼ ሲመለስ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቀስ ብዬ ገባሁ።

ሃዋ ከግቢው በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ባጃጁ የት አወረደህ?”

“ባጃጅ? እኔን?”

“ላብ የለ፣ ማለክለክ የለ። ከመስጊድ የወጣህ ነው የምትመስለው። አባ፣ በአላህ፣ እኔ ላይ?”

“ወላሂ በእግሬ ነው የመጣሁት!”

“ጫማውን።” እጇን ዘረጋች።

ማሰሪያውን ከመፍታቴ በፊት ለባሏ እናት ሰላምታ ላቅርብ ብዬ አለፍኳት። እትዬ ዘሃራ በረንዳው ላይ በዱላዋ ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗ ደክሟል። እኔም እንደ ወጉ ጀመርኩ፤ ጤናዎ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እስቲ ውሃ ይስጡኝ።

ዱላዋ ከእጇ ወደቀ። ግድግዳውን እየዳበሰች መደቡ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“አያ ሙሄ” አለች። “ማን ሞተ? ይንገሩኝ፤ ይኸው ቁጭ ብያለሁ።”

ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ።

“ማንም” አልኳት። “አብሽሩ፣ እትዬ ዘሃራ። እንዲሁ ነው የመጣሁት።”

ከዚያ “አልሐምዱሊላህ” አለችና መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። “አንቺ ሃዋ፣ ነይ ወዲህ። ጃኬቱን አስወልቂያቸውና ጀርባቸውን ዳብሺ። ይመርም ፊቱን እንጂ ጀርባውን ማድረቅ አይሆንለትም ነበር።”

ሃዋ ግራ ገብቷት ጃኬቴን ገፈፈችና መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ሸሚዜ በላብ እንደተነከረ ነበር። እጇን ወዲያው አላነሳችም።

“እሁድ ከዚህ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ” አለችኝ። “ጫማህን አጥብቀህ እሰር።”

“ድንጋዩ ላይም አይቁሙ” አለች እትዬ ዘሃራ። “ሮጠው ይግቡ። እኔ እንደሆንኩ አልደነግጥም። አሁን ቅቤ ይውጣላቸው!”

ይኸው ቅዳሜ ሆነ፣ እኔም ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሳለሁ። እጄ አሁንም ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ታጥቤው አልለቀቀም፣ እኔም አጥብቄ አላሸሁትም። ቅድም ሃዋ ደወለችልኝ። እትዬ ዘሃራ ከጠዋት ጀምሮ በዱላዋ እየተደገፈች በየጎረቤቱ እየዞረች ነው አለችኝ። ነገ ሰው ሲሮጥ ብታዩ እንዳትደነግጡ፣ ማንም አልሞተም፣ እንዲሁ ነው የሚመጡት፣ እያለች።